ከኡፋ መም እስከ ዌምብሊ፦ የሶቪየት ኅብረት የስፒድዌይ ብሔራዊ ቡድን ታሪክ

ስፒድዌይ የሚባለው የሞተር ሳይክል ስፖርት አራት ተወዳዳሪዎች ፍሬን የሌላቸውን ሞተሮች እየነዱ ሞላላ ቅርጽ ባለው የአፈር መም ላይ አራት ዙር የሚሽቀዳደሙበት ሲሆን፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ፣ በስዊድንና በፖላንድ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ስታዲየም ይስብ ነበር። በዚህ ስፖርት ታሪክ ውስጥ ስማቸው ከሚነሳ ብሔራዊ ቡድኖች መካከል አንዱ ዛሬ የለም። ይህ የሶቪየት ኅብረት ቡድን ከ1964 እስከ 1976 በተካሄዱት 13 የዓለም የቡድን ዋንጫ ፍጻሜዎች በ11ዱ ተሰልፎ አምስት ጊዜ ሁለተኛ፣ ሦስት ጊዜ ደግሞ ሦስተኛ ሆኖ አጠናቋል፤ የወርቁን ቦታ ግን አንድም ጊዜ ሳይቆናጠጥ አገሪቱ በ1991 ፈርሳ ቡድኑም አብሯት ከመዝገብ ወጣ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኢትዮጵያ የስፒድዌይ መምም ሆነ ማኅበር አልተለመደም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት በሰንዳፋ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ሞተር ሳይክል የሚታወቀው ለመጓጓዣነትና ለመልእክት ሥራ እንጂ ለሽቅድምድም አይደለም። ይሁን እንጂ እነዚሁ ከተሞች የአገሪቱ ሯጮች ማለዳ ማለዳ በቡድን በቡድን ሆነው የሚለማመዱባቸው በመሆናቸው፣ ብሔራዊ ቡድን ከየት እንደሚበቅልና በምን እንደሚጸና ከማንም በላይ ሊያጤኑት የሚገባ ጉዳይ ነው። የሶቪየት ሞተረኞች ታሪክ ደግሞ ይህንኑ ጥያቄ ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ ምክንያቱም አንድ አገር፣ አንድ የስፖርት አስተዳደር፣ አንዳንዴም አንዱ ተወዳዳሪ ራሱ በአፈር መም ላይ ሁለተኛ፣ በበረዶ መም ላይ ግን አንደኛ የሆነበት ታሪክ ነውና።

ፍሬን የሌለው ሽቅድምድም

ስፖርቱን ለማያውቅ አንባቢ በመጀመሪያ የሚያስገርመው ሞተሩ ራሱ ነው። የስፒድዌይ ሞተር ሳይክል 500 ሲሲ መጠን ያለው፣ ባለ አንድ ሲሊንደርና ባለ አራት ምት ሞተር የተገጠመለት፣ አንድ ማርሽ ብቻ ያለውና ክብደቱ እጅግ የቀለለ ሲሆን፣ ፍሬን የሚባል ነገር ከፊትም ከኋላም የለውም። የሚጠቀመው ነዳጅ ቤንዚን ሳይሆን ሜታኖል የተባለው የአልኮል ዓይነት ነው። ሜታኖል ሞተሩን እያቀዘቀዘ ከፍተኛ ጉልበት እንዲያወጣ ስለሚያስችለው፣ ሞተሩ ከመነሻው መስመር በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ፈጣን ከሚባሉ የውድድር መኪኖች ጋር በሚስተካከል ፍጥነት ይወነጨፋል።

ውድድሩ ልክ እንደ ሩጫው የሰዓት አቆጣጠርን በሚቃረን አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ግራ እየታጠፈ ይካሄዳል። ተወዳዳሪው ወደ ኩርባው ሲደርስ ፍጥነቱን የሚቀንስበት ፍሬን ስለሌለው፣ የኋላው ጎማ ወደ ውጭ እንዲንሸራተት ሆን ብሎ ያደርጋል፤ መሪውን ወደ ቀኝ አዙሮ፣ የብረት ሶል የተገጠመለትን የግራ ጫማውን መሬት ላይ እያስነካ፣ በጎን እየተንሸራተተ ኩርባውን ይጨርሳል። በዚያች ቅጽበት ሞተሩን የሚቆጣጠረው በነዳጅ መስጫው፣ በፍሪሲዮኑና በሰውነቱ ሚዛን ብቻ ነው። አራቱ ዙሮች የሚጠናቀቁት በአንድ ደቂቃ ገደማ በመሆኑ የመነሻው ገመድ ወደ ላይ ተስፈንጥሮ ሲከፈት ቀድሞ መውጣትና የመጀመሪያውን ኩርባ ቀድሞ መያዝ ብዙውን ጊዜ ውጤቱን ይወስናል።

ነጥብ አሰጣጡ ቀላል ነው። አንደኛ የወጣው 3፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 1 ነጥብ ሲያገኙ አራተኛው ባዶውን ይመለሳል። በጥንቱ የዓለም የቡድን ዋንጫ ፍጻሜ አራት አገሮች ተገናኝተው በእያንዳንዱ ሽቅድምድም ከየአገሩ አንድ አንድ ሰው እየተሰለፈ 16 ሽቅድምድሞች ስለሚካሄዱ፣ አራቱ ቡድኖች የሚካፈሉት ነጥብ በድምሩ ሁልጊዜ 96 ይሆናል። ይህ ሥርዓት አንድ ብርቱ ሰው ብቻውን ቡድኑን ተሸክሞ እንዳይወጣ ያደርጋል፤ አንዱ ተወዳዳሪ ሁሉንም ሽቅድምድሙን ቢያሸንፍ እንኳ የሚያመጣው 12 ነጥብ በመሆኑ፣ ዋንጫውን የሚያነሳው አራቱም ሰዎቹ ብርቱ የሆኑለት አገር ነው።

ከአውስትራሊያ እስከ ኡራል ተራሮች

የስፖርቱ መነሻ ብዙውን ጊዜ የሚያያዘው በ1923 በአውስትራሊያዋ ዌስት ሜይትላንድ ከተማ ጆኒ ሆስኪንስ ካዘጋጀው ውድድር ጋር ነው። በ1928 ለንደን አጠገብ በሚገኘው ሃይ ቢች የተካሄደው ውድድር ደግሞ ስፖርቱን ለእንግሊዞች አስተዋወቀ፤ በቀጣዩ ዓመትም የእንግሊዝ ክለቦች የሊግ ውድድር መሥርተው ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ሰዎችን እያመጡ ማሰለፍ ጀመሩ። የግለሰቦች የዓለም ሻምፒዮና በ1936 በዌምብሊ ስታዲየም፣ የቡድኖች የዓለም ዋንጫ ደግሞ በ1960 በስዊድኗ ጎተንበርግ ተጀመሩ። የግለሰቦቹ ፍጻሜ በዚያ ዘመን በአንድ ምሽት የሚያልቅ ሲሆን፣ 16 ተወዳዳሪዎች በ20 ሽቅድምድሞች እያንዳንዳቸው ከሁሉም ጋር አንድ አንድ ጊዜ ተገናኝተው ብዙ ነጥብ የሰበሰበው ይነግሣል።

ስፒድዌይ ወደ ሶቪየት ኅብረት የገባው በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። በዚያች አገር የግል ክለብም ሆነ ትርፍ ፈልጎ ውድድር የሚያዘጋጅ ነጋዴ ስላልነበረ፣ የሞተር ስፖርቶችን በዋናነት የያዘው በ1951 የተቋቋመው ዶሳፍ የተባለ ግዙፍ ማኅበር ነበር። ዶሳፍ ጦር ሠራዊቱን፣ አየር ኃይሉንና ባሕር ኃይሉን ለመደገፍ የተቋቋመ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ሲሆን፣ ወጣቶችን መኪና መንዳት፣ በዣንጥላ መዝለል፣ በሬዲዮ መገናኘትና ሞተር መጠገን ያስተምር ነበር። ስፒድዌይም በዚህ ማኅበር ጥላ ሥር ሲያድግ የመንግሥት ዓላማ የነበረው ሜካኒክነትንና ድፍረትን አንድ ላይ የያዘ ወጣት ማፍራት ነበር። ተወዳዳሪውም በወረቀት ላይ አማተር፣ ማለትም በስፖርቱ የማይተዳደር ሰው ተብሎ ይመዘገብ ነበር።

ስፖርቱ ሥር የሰደደው ግን በሞስኮ አልነበረም። የሶቪየት ስፒድዌይ እውነተኛ መናኸሪያ ከኡራል ተራሮች በስተ ምዕራብ የምትገኘው የባሽኪሪያ ዋና ከተማ ኡፋ ነበረች። ኡፋ የነዳጅ ማጣሪያና የአውሮፕላን ሞተር ፋብሪካ ከተማ በመሆኗ ብረት መቁረጥና ሞተር መፍታት የሚያውቅ ወጣት ሞልቶባት ነበር፤ ክረምቷ ረጅምና ብርቱ ስለሆነም በበጋ በአፈር ላይ፣ በክረምት ደግሞ በበረዶ ላይ መወዳደር ይቻል ነበር። ኢጎር ፕሌካኖቭ፣ ቦሪስ ሳሞሮዶቭ፣ ፋሪት ሻይኑሮቭና ጋብድራክማን ካዲሮቭ ከዚህችው ከተማ የወጡ ሲሆኑ፣ ከስሞቹ እንደሚታየው ቡድኑ ሩሲያዊውን ከባሽኪሩና ከታታሩ ጋር በአንድ መለያ ያሰለፈ ነበር። ቀስ በቀስም በባሽኪሪያ ሳላቫትና ኦክትያብርስኪ፣ በቮልጋ ወንዝ ዳር ባላኮቮና ቶሊያቲ፣ በሩቅ ምሥራቅ ቭላዲቮስቶክ፣ በዩክሬን ሪቭኔና ልቪቭ፣ በላትቪያ ዳውጋቭፒልስ የስፒድዌይ ከተሞች ሆኑ። እነዚህ ሁሉ ከዋና ከተማ የራቁ የፋብሪካና የባቡር ከተሞች ናቸው።

የፕሌካኖቭ ዘመን

በ1933 የተወለደው ኢጎር ፕሌካኖቭ ሶቪየት ኅብረት በአፈር መም ላይ ካፈራቻቸው ሞተረኞች ሁሉ የላቀው ነው። በ1964 የግለሰቦች የዓለም ፍጻሜ በጎተንበርጉ ኡሌቪ ስታዲየም ሲካሄድ ኒውዚላንዳዊው ባሪ ብሪግስ አንደኛ፣ ፕሌካኖቭ ሁለተኛ፣ የስዊድኑ ኦቬ ፉንዲን ሦስተኛ ሆኑ። ኡሌቪ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ስፍራ አይደለም፤ ከ31 ዓመት በኋላ በ1995 ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮንነቱን ያስጠበቀው፣ ደራርቱ ቱሉም በዚያው ርቀት የብር ሜዳሊያ ያገኘችው እዚሁ ነው። በቀጣዩ ዓመት 1965 ፍጻሜው ወደ ዌምብሊ ሲዛወር ፕሌካኖቭ ዳግመኛ ሁለተኛ ወጣ፤ አሸናፊው የስዊድኑ ቢዮርን ክኑትሶን ሲሆን ፉንዲን አሁንም ሦስተኛ ነበር።

የእነዚህ ሁለት ውጤቶች ክብደት የሚገባው የተሸናፊዎቹና የአሸናፊዎቹ ማንነት ሲታወቅ ነው። ፉንዲን አምስት ጊዜ፣ ብሪግስ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆኑ ሰዎች ሲሆኑ፣ ሁለቱም ኑሯቸውን በስፖርቱ ላይ መሥርተው ከፀደይ እስከ መኸር በየሳምንቱ ከዓለም ምርጥ ተወዳዳሪዎች ጋር ይፋለሙ ነበር። ፕሌካኖቭ ግን እነዚህን ሰዎች የሚያገኛቸው በማጣሪያዎች፣ በፍጻሜዎችና ጥቂት በሆኑ የወዳጅነት ጉዞዎች ብቻ ነበር። ስፖርቱ አገሩ ከገባ ገና አሥር ዓመት ሳይሞላው በዚህ ሁኔታ ሁለት ጊዜ የዓለም ሁለተኛ መሆኑ የሰውየውን ተሰጥኦ ብቻ ሳይሆን ኡፋ በአጭር ጊዜ የገነባችውን የአሠልጣኝነትና የሜካኒክነት ብቃት ይመሰክራል።

ቡድኑም ከእርሱ ጋር አብሮ ተነሳ። በ1964 በምዕራብ ጀርመኗ አቤንስበርግ በተካሄደው የቡድን ፍጻሜ ስዊድን በ34 ነጥብ ዋንጫውን ስትወስድ፣ ፕሌካኖቭ፣ ሳሞሮዶቭና ጌናዲ ኩሪሌንኮን ይዞ የቀረበው የሶቪየት ቡድን በ25 ነጥብ ሁለተኛ ሆኖ ታላቋ ብሪታንያን በ21፣ ፖላንድን በ16 ነጥብ ከኋላው አስቀረ። በ1965 በኬምፕተን 7 ነጥብ ብቻ አግኝቶ አራተኛ በመሆን ቢወድቅም፣ በዓመቱ በፖላንዷ ቭሮትስዋፍ በ25 ነጥብ እንደገና ሁለተኛ ወጣ። በዚያ ቀን አስተናጋጇ ፖላንድ 41 ነጥብ ሰብስባ ነበር። በ1967 በስዊድኗ ማልሞ ደግሞ ሶቪየትና ታላቋ ብሪታንያ እኩል 19 ነጥብ አምጥተው ሦስተኛነቱን ተካፈሉ።

በወርቅ ደጃፍ

ሁለተኛው የብርታት ዘመን በ1969 በፖላንዷ ሪብኒክ በተገኘው የነሐስ ሜዳሊያ ተጀምሮ እስከ 1975 የዘለቀ ነው። በዚህ ጊዜ የፕሌካኖቭ ትውልድ ቦታውን ለግሪጎሪ ክሊኖቭስኪ፣ ለአናቶሊ ኩዝሚን፣ ለቪክቶር ትሮፊሞቭ፣ ለቫሌሪ ጎርዴቭና ለቭላዲሚር ጎርዴቭ እየለቀቀ ነበር። በ1971 በቭሮትስዋፍ ቡድኑ 22 ነጥብ አግኝቶ ፖላንድን በገዛ ሜዳዋ፣ ስዊድንን ደግሞ በዓለም ሁሉ ፊት ቀድሞ ሁለተኛ ሆነ። አሸናፊዋ ታላቋ ብሪታንያ 37 ነጥብ ያመጣችው ኒውዚላንዳውያኑን ባሪ ብሪግስንና አይቫን ሞገርን ጨምራ ነበር፤ የዚያን ጊዜው ደንብ በእንግሊዝ ሊግ የሚወዳደሩ የኮመንዌልዝ አገሮች ተወላጆች ለብሪታንያ እንዲሰለፉ ይፈቅድ ነበርና።

በ1972 በጀርመኗ ኦልቺንግ ሶቪየትና ፖላንድ እኩል 21 ነጥብ ስላገኙ የሁለተኛነቱ ቦታ በተጨማሪ ሽቅድምድም ተወስኖ ለሶቪየቶች ሆነ። በ1973 ዌምብሊ ላይ 20 ነጥብ የሦስተኛነቱን ቦታ አስገኘላቸው። የዚያኑ ዓመት የግለሰቦች ፍጻሜ በፖላንዷ ኾዡፍ ሲካሄድ ከ100 ሺህ በላይ ተመልካች ስታዲየሙን ሞልቶት እንደነበር ሲታሰብ፣ ስፖርቱ በምሥራቅ አውሮፓ የነበረው ቦታ ይገባል።

የቡድኑ ከፍተኛ ነጥብ የተመዘገበው በ1975 በሰሜን ጀርመኗ ኖርደን ነው። ሶቪየቶች 29 ነጥብ አምጥተው ስዊድንን በ12፣ ፖላንድን በ20 ነጥብ ሲበልጡ፣ ከእነርሱ በላይ የሆነችው 41 ነጥብ የሰበሰበችው እንግሊዝ ብቻ ነበረች። ከዚያ በኋላ ግን ቁልቁለቱ ፈጣን ሆነ። በ1976 ለንደን ላይ ቡድኑ በ11 ነጥብ አራተኛ ወጣ፤ አውስትራሊያ 31፣ ፖላንድ 28፣ ስዊድን 26 ነጥብ ነበራቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1981 በኦልቺንግ በድጋሚ ለፍጻሜ ሲደርስ ከ96ቱ ነጥቦች የሶቪየት ድርሻ 3 ብቻ ሆነ። ያ የመጨረሻው የፍጻሜ ተሳትፎው ነበር።

በበረዶ ላይ የነገሡት

እዚህ ላይ የሶቪየት ሞተረኞችን ሌላኛውን ገጽ ማየት ያስፈልጋል። የበረዶ ስፒድዌይ በቀዘቀዘ መም ላይ የሚካሄድ ሲሆን፣ የሞተሮቹ ጎማዎች ርዝመታቸው 28 ሚሊሜትር የሚደርስ ሹል ብረቶች ስለሚተከሉባቸው በረዶውን ነክሰው ይይዛሉ። በአፈር ላይ ኩርባው በመንሸራተት ሲታለፍ፣ በበረዶ ላይ ግን ተወዳዳሪው ሞተሩን የግራ ጉልበቱ በረዶውን እስኪነካ ድረስ አጋድሎ በሙሉ ፍጥነት ይታጠፋል። የሚጠይቀው ድፍረትም የሚያስከትለው አደጋም ከአፈሩ አያንስም።

በ1966 የበረዶ ስፒድዌይ የግለሰቦች የዓለም ሻምፒዮና ሲጀመር የመጀመሪያው አሸናፊ የኡፋው ጋብድራክማን ካዲሮቭ ሆነ። በ1967 ድሉ ወደ ጎረቤቱ ቦሪስ ሳሞሮዶቭ ሲዛወር፣ ካዲሮቭ በ1968፣ በ1969፣ በ1971፣ በ1972ና በ1973 እየተመለሰ በድምሩ ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከእርሱ በኋላ ሰርጌይ ታራባንኮ ከ1975 እስከ 1978 አራት ዓመት በተከታታይ፣ አናቶሊ ቦንዳሬንኮ ደግሞ በ1979ና በ1980 አሸነፉ። በ1979 የቡድኖች የበረዶ ሻምፒዮና ሲጀመር የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሳችው ሶቪየት ኅብረት ስትሆን፣ እስከ ፈረሰችበት ዘመን ድረስም በአብዛኞቹ ዓመታት ከእጇ አላወጣችውም።

ሳሞሮዶቭ በ1964 በአቤንስበርግ የአፈር መም ላይ ለብር የተሰለፈ፣ በ1967 ደግሞ በበረዶ ላይ ዓለምን ያሸነፈ አንድ ሰው ነው። ዶሳፍ የሁለቱም ስፖርቶች ኃላፊ፣ ኡፋም የሁለቱም መናኸሪያ ነበረች። ስለዚህ ልዩነቱን በተወዳዳሪዎቹ ተሰጥኦ፣ በአስተዳደሩ ባሕርይ ወይም በከተማዋ ፍቅር ብቻ ማስረዳት አይቻልም። መልሱ ያለው ተወዳዳሪዎቹ በየሳምንቱ ከማን ጋር እንደሚገጥሙ በመመርመር ነው።

ወርቁ ለምን ራቀ?

በበረዶ ላይ የዓለም ምርጥ ሰዎች የሚገኙት በሶቪየት ኅብረት ውስጥ ነበር። ከኡፋ እስከ ሳይቤሪያ ከተሞች ክረምቱን ሙሉ ውድድር ስለሚካሄድ፣ በአገር ውስጥ ሻምፒዮና ለመጨረሻው ዙር የደረሰ ሰው ከዓለም ፍጻሜ የማይተናነስ ፈተና አልፎ ነበር የሚመጣው። በአፈር ላይ ግን የዓለም መናኸሪያው የእንግሊዝ ሊግ ነበር። ከ1965 ጀምሮ በአዲስ መልክ በተደራጀው በዚህ ሊግ ውስጥ ስዊድናውያን፣ ኒውዚላንዳውያን፣ አውስትራሊያውያን፣ ኋላም ዴንማርካውያንና አሜሪካውያን ከእንግሊዞቹ ጋር ተቀላቅለው በአንድ የውድድር ዘመን በብዙ አሥሮች የሚቆጠሩ ግጥሚያዎችን ያደርጉ ነበር። ዛሬ በአጭር መም፣ ነገ በረጅም፣ ከነገ ወዲያ ዝናብ ባጨቀየው አፈር ላይ መወዳደር የግድ ስለሚሆንባቸው፣ አዲስ ስታዲየም ሲገቡ መሙን በአንድ ዙር አንብበው ሞተራቸውን ለዚያው ማስተካከል ይለምዱ ነበር። ሶቪየቶች ይህ በር ዝግ ነበረባቸው፤ አገራቸው ተወዳዳሪዎቿን ለውጭ ክለብ በደመወዝ ማሰለፍን ከአማተርነት መርሕ ጋር የሚቃረን አድርጋ ስለምታየው፣ የእንግሊዝን መም የሚያዩት ለአጭር የግጥሚያ ጉዞ ወይም ለፍጻሜ ሲመጡ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት መሣሪያው ነው። በ1960ዎቹ የቼኮስሎቫኪያው ኤሶ ሞተር፣ በኋላ ጃዋ ተብሎ የተሸጠው፣ የእንግሊዙን ጃፕ ሞተር ከመም አስወጥቶ በዓለም የተመረጠ ሆኖ ነበር። ቼኮስሎቫኪያ የሶሻሊስቱ ጎራ አገር በመሆኗ የሶቪየት ቡድን በዚያ ዘመን ማንም ከሚነዳው የማያንስ ሞተር ነበረው፤ የቡድኑ የብርታት ዓመታት ከጃዋ የብርታት ዓመታት ጋር መገጣጠማቸውም በአጋጣሚ አይደለም። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ግን የእንግሊዙ ዌስሌክ ባለ አራት ቫልቭ ሞተር፣ ማለትም አየርና ነዳጅ በብዛት አስገብቶ የተቃጠለውን ጋዝ በፍጥነት የሚያስወጣ ሞተር፣ የስፖርቱን ፍጥነት ለወጠው። እንግሊዛዊው ፒተር ኮሊንስ በ1976 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በዌስሌክ ሲሆን፣ ጀርመናዊው ኤጎን ሙለር በ1983 ያሸነፈው በጣልያኑ ጂ ኤም ሞተር ነበር። እነዚህ ሞተሮችና በየጊዜው የሚሻሻሉ መለዋወጫዎቻቸው የሚገዙት በምዕራባውያን ገንዘብ ስለሆነ፣ የውጭ ምንዛሪ በማዕከል በሚደለደልበት አገር ለአንድ የክፍለ ሀገር ክለብ በቀላሉ የሚደረስባቸው አልነበሩም።

የዴንማርክ ታሪክ ይህን ትንታኔ ከሌላ አቅጣጫ ያጠናክረዋል። በዚያ ዘመን ሕዝቧ አምስት ሚሊዮን ገደማ የነበረው ይህች ትንሽ አገር ልጆችን ከትናንሽ ሞተሮች ጀምሮ በክለብ እያሠለጠነች፣ የጎለመሱትን ወደ እንግሊዝ ሊግ እየላከች በ1978፣ በ1981፣ ከዚያም ከ1983 እስከ 1988 በተከታታይ የቡድን ዋንጫውን ወሰደች። ሶቪየት ኅብረት የሰው ቁጥርም፣ የፋብሪካም፣ የመንግሥት ድጋፍም እጥረት አልነበረባትም። ዴንማርክ የነበራትና ሶቪየት ያጣችው ለተወዳዳሪዎች የተከፈተ በር ነው።

ከመፍረሱ በኋላ

በ1980ዎቹ ማብቂያ የፖለቲካው ሁኔታ ሲላላ በሩ ተከፈተ፤ ነገር ግን የተከፈተው ቡድኑ ሊጠቀምበት በማይችልበት ሰዓት ነበር። የፖላንድ ሊግ በ1990 ለውጭ ተወዳዳሪዎች ሲፈቀድ የመጨረሻው የሶቪየት ትውልድ ወደዚያ ጎረፈ። ከባሽኪሪያ የወጣው ሪፍ ሳይትጋሬቭ በፖላንድ ተመልካቾች ዘንድ ተወዳጅ ከሆኑት አንዱ ሲሆን፣ በ1996 በዚያው አገር በውድድር ላይ በደረሰበት አደጋ ሕይወቱ አልፏል። ፍሬን በሌለው ሞተር ላይ የሚገኝ ክብር ምን ያህል ውድ ዋጋ እንደሚያስከፍል ስሙ ዛሬም ያስታውሳል።

በ1991 ብሔራዊ ቡድኑ ባለቤት አልባ ሲሆን መሞቹ ግን በየከተሞቻቸው ቀሩ። ዳውጋቭፒልስ የላትቪያ ስፒድዌይ ዋና ማዕከል ሆና ቀጠለች፤ ሪቭኔ የዩክሬንን ስፖርት ተሸከመች፤ ባላኮቮ፣ ቶሊያቲና ቭላዲቮስቶክ የሩሲያን ሊግ አቆሙ። ከባሽኪሪያዋ ሳላቫት የወጣው ኤሚል ሳይፉትዲኖቭ በ2009 ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው በዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ ሆነ። ሳይፉትዲኖቭና ከሩቅ ምሥራቅ የመጣው አርቴም ላጉታ ዋና ምሰሶ በሆኑበት ዘመን ሩሲያ የቡድን ዋንጫውን በተካው የአገሮች ስፒድዌይ ሻምፒዮና ላይ በ2018፣ በ2019ና በ2020 ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈች፤ በ2021 ላጉታ የግለሰቦች የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሶቪየት ኅብረት በ30 ዓመት ያላገኘችውን ወርቅ የልጅ ልጆቿ ትውልድ አገኘው ማለት ነው። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን በመውረሯ የዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን የሩሲያን ተወዳዳሪዎች ከውድድር ሲያግድ ደግሞ፣ በአንድ ወቅት በአንድ መለያ የተሰለፉት የኡፋና የሪቭኔ ከተሞች በጦርነት ተለያይተው ተገኙ።

የአዲሱ ዘመን ድል ምስጢር ከቀድሞው ሽንፈት ምስጢር ጋር አንድ ነው። ሳይፉትዲኖቭም ላጉታም የጎለመሱት በፖላንድ ሊግ ውስጥ፣ ከዓለም ምርጥ ተወዳዳሪዎች ጋር በየሳምንቱ እየተጋጠሙ ነው። ሳላቫት ለሳይፉትዲኖቭ የሰጠችው ዓይነት መሠረት ለፕሌካኖቭም ኡፋ ሰጥታው ነበር። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከከተማቸው ከወጡ በኋላ የጠበቃቸው ውድድር ነው።

የሰንዳፋና የሱሉልታ ድርሻ

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሚሰጠው ትምህርት በሞተር ሳይክል ላይ የሚያበቃ አይደለም። የአገራችን ሩጫ ከሶቪየቱ የበረዶ ስፒድዌይ ጋር የሚመሳሰልበት ምክንያት አለው። በቆጂን የመሰለች አነስተኛ የአርሲ ከተማ በአሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ትጋት ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን አፍርታለች። እንዲህ ካሉ ከተሞች የተነሱ ወጣቶች ቀጥሎ የሚሰባሰቡት በእንጦጦ ተራራ፣ ቀነኒሳ መም በሠራባት በሱሉልታ ሜዳ፣ በሰንዳፋ አስፋልትና ከፍታዋ ዝቅ በሚለው በሰበታ መንገድ ላይ ነው። በእነዚህ ስፍራዎች አንድ ወጣት ሯጭ የዓለም ሻምፒዮኑን የሚያገኘው በዓመት አንድ ጊዜ በውጭ አገር ስታዲየም ሳይሆን በሳምንቱ ልምምድ ላይ ነው። በኢትዮጵያ የማጣሪያ ውድድር ሦስቱ ውስጥ መግባት በዓለም ፍጻሜ ሜዳሊያ ከማግኘት አይቀልም የሚባለውም ለዚህ ነው። ካዲሮቭን ስድስት ጊዜ ሻምፒዮን ያደረገው ኃይል ይኸው ነበር።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ከተሞች ቤትና ፋብሪካ እየበዛባቸው ሲስፋፉ የመሮጫ ሜዳዎቻቸውና መንገዶቻቸው በከተማ ፕላን ውስጥ ተለይተው ሊጠበቁ ይገባል፤ ብሔራዊ ቡድኑ የሚበቅለው ከቢሮ ሳይሆን ከእነዚሁ ሜዳዎች ነውና። ኡፋ መሟን ባትጠብቅ ኖሮ ሶቪየት ኅብረት ፕሌካኖቭን አታገኝም ነበር። ሁለተኛው፣ ኢትዮጵያ ገና ባልገነነችባቸው ስፖርቶች፣ በብስክሌትም ይሁን በእግር ኳስ፣ ለብሔራዊ ቡድን የሚሰጠው የጥቂት ሳምንታት ዝግጅትና የጥቂት ቀናት የውጭ ጉዞ የሶቪየቱን የአፈር ስፒድዌይ ዕጣ ከመድገም አያልፍም። ተሰጥኦ ያለው ወጣት ብርቱ ሊግ ወዳለበት አገር ወጥቶ ዓመቱን ሙሉ እንዲጋጠም፣ ክለቡም ሲመለስ የሚቀበለው እንዲሆን የሚያስችል አሠራር ያስፈልጋል።

የሶቪየት ስፒድዌይ ብሔራዊ ቡድን በአምስት የብርና በሦስት የነሐስ ሜዳሊያ ታሪኩን ዘግቷል። ለዚህ ክብር ያበቁት የፋብሪካ ከተሞች ልጆች፣ ከእነርሱ ሕይወት ይልቅ መርሑን ያስቀደመ መንግሥት በሩን ሳይዘጋባቸው ከሞገርና ከብሪግስ ጋር በየሳምንቱ ተጋጥመው ቢሆን ኖሮ ምን ሊሆኑ ይችሉ እንደነበር የ2018፣ የ2019ና የ2020 ድሎች አሳይተዋል። ሰንዳፋና ሱሉልታ ያለ ማንም ትእዛዝ የዓለም ምርጥ ሯጮች የሚገናኙባቸው ስፍራዎች በመሆናቸው ኢትዮጵያ ሶቪየቶች በአፈር መም ያጡትን ሀብት በእጇ ይዛለች፤ ይህን ሀብት ሜዳውን ከልሎ ማቆየትና ለሌሎች ስፖርቶችም ማስፋት የከተሞቹም የስፖርት ኃላፊዎቹም የጋራ ግዴታ ነው።